ቀላል ዘፈን ፍለጋ

ካራኦኬ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሰማያዊ መብራት፣ እና ከሦስተኛው ቢራ በኋላ «ጥላሁን ገሠሠን ካላከልኩ» ብሎ ከማይክ ጋር የሚታገል ሰውዬ ነው። (ሳቁ ግድ የለም፤ አይታችሁታል። ምናልባትም አብራችሁት ሄዳችኋል!) የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ እሱ አይደለም። ስለ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለታዳጊ ልጆች ለመዝፈን የማይከብድ፣ ሲዘፍኑትም የሚያስደስታቸው ዘፈን የቱ ነው? «የወደዱትን ይዝፈኑ» ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። ችግሩ የምንወደው ዘፈንና የምንችለው ዘፈን አንድ አለመሆናቸው ነው። አስቴር አወቀን የማይወድ ማን አለ? አስቴርን የሚችልስ? እናላችሁ፣ ዘፈን መምረጥ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘፈኑን የመረጠ ሰው፣ ማን አፉን እንደሚከፍትና ማን ጥግ ይዞ ሲያጨበጭብ እንደሚያመሽም አብሮ መርጧል።

ነገሩን ከመነሻው ብንይዘው ይሻላል፤ መነሻው ደግሞ ጃፓን ነው።

በጃፓንኛ «ካራ» ባዶ ማለት ነው፤ «ኦኬ» ደግሞ ኦርኬስትራ ከሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ። ባዶ ኦርኬስትራ፣ ማለትም ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ። እኛ አገር «ክላሲካል» የምንለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሺጌይቺ ኔጊሺ የሚባል ሰው ቶኪዮ ውስጥ «ስፓርኮ ቦክስ» የተባለ የማጀቢያ ማሽን ሠርቶ ነበር፤ ሰውዬው በ100 ዓመቱ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ይበልጥ ስሙ የገነነው ግን ዳይሱኬ ኢኖዌ ነው። ኢኖዌ ኮቤ ከተማ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ መዝፈን ለሚያምራቸው ደንበኞች ሙዚቃ የሚያጅብ ሰው ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ፣ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ ለጉዞ ሲነሳ «አብረኸኝ ሂድና አጅበኝ» ይለዋል። ኢኖዌ መሄድ አልቻለም። በምትኩ አጀባውን ለሰውዬው እንዲመች አድርጎ በቴፕ ቀረጸና ሰጠው። ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሳንቲም ሲጎርስ የሚያጅብ ማሽን ሠራ። የፈጠራ መብቱን ሳያስመዘግብ ስለቀረ ገንዘቡን ሌሎች በሉት። እሱ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ኢግ ኖቤል» የተባለው፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ቀጥሎ የሚያሳስብ ሥራ የሚሸለምበት ድርጅት የሰላም ሽልማቱን ሰጠው። ምክንያቱም ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ ዘዴ ፈጥሯል ተብሎ!

ቀልዱን ትተን ልብ እንበል። ካራኦኬ የተፈጠረው ለጎበዝ ዘፋኝ አይደለም። ጎበዝ ዘፋኝማ ባንድ ይቀጥራል። የተፈጠረው መዝፈን ለሚወድ፣ ግን አጃቢ ለሌለው ተራ ሰው ነው። ሰውዬው ወደ ሙዚቃው አልወጣም፤ ሙዚቃው ወደ ሰውዬው ወረደ።

ለጃፓን ታዳጊዎች ደግሞ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኦካያማ በሚባለው አውራጃ አንድ የጭነት ኮንቴይነር ተስተካክሎ የዘፈን ክፍል ሆነ፤ «ካራኦኬ ቦክስ» ተባለ። እስከዚያ ድረስ ካራኦኬ የመጠጥ ቤት ነገር ነበር፤ ከሥራ የወጡ አባወራዎች በማያውቋቸው ሰዎች ፊት የሚዘፍኑበት። ቦክሱ በር አመጣ። በር ሲመጣ ልጆች መጡ። ከትምህርት በኋላ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ አራት አምስት ሆነው ይገባሉ፤ በሰዓት ይከፍላሉ፤ ቀን ላይ ዋጋው ስለሚቀንስ የኪስ ገንዘብ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ማይክ፣ አንዳንዴም የማይዘፍነው ልጅ የሚያንሿሿው አታሞ ይኖራል።

ማሽኖቹም ቢሆኑ አዛኝ ናቸው። «ዳም» እና «ጆይሳውንድ» የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ስሞች ዜማውን ለዘፋኙ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው። ፈጣን ከሆነ ይቀንሳሉ፤ ሰለቸኝ ካልክ መሀል ላይ ታቆመዋለህ። ልጆቹ የሚመርጡትም ሁሉም አዝማቹን የሚያውቀውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የአንድ የካርቱን ፊልም መክፈቻ፣ የዮኮ ታካሃሺ ዘፈን፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሁሉ ይዘፍኑታል። ስማፕ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ስለ አበባ የሚያወራ ዘፈንም በየትምህርት ቤቱ በኅብረት የተዘመረ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን የጥንቱ ይመስለኛል፤ ኪዩ ሳካሞቶ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጫወተው፣ በ1963 አሜሪካ ውስጥ «ሱኪያኪ» በሚል የምግብ ስም አንደኛ የወጣው ዘፈን። (የእኛ ሰው ዘፈን እዚያ ሄዶ «ሽሮ» ተብሎ ቢሸጥ አስቡት እስቲ!)

«ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ?» የምትሉ አላችሁ። አገባኝ። ያለፈው ክረምት መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ቤተሰብ ለመጠየቅ ራቤል ሄጄ ነበር። ለማታውቁት፣ ራቤል የግሼ ራቤል ወረዳ ከተማ ናት፤ ሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ በኩል መንዝ፣ በሰሜን በኩል ደቡብ ወሎ የሚያዋስናት ደጋ። በክረምት ጉሙ ደጅ ላይ ቆሞ «ልግባ ወይ?» የሚል ይመስላል። ባናችሁን ተከናንባችሁ፣ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ፣ ቆሎ እየቆረጠማችሁ ነው የምታመሹት። ካራኦኬ ቤት የለም። ታናሽ ወንድሜ ግን ስልክ አለው፤ ከአዲስ አበባ የወሰድኩለት የእጅ ስፒከርም አለ። ከዚያማ ምን ትላላችሁ፣ በሁለተኛው ቀን ከጓደኞቹ ጋር መጣና «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል፤ ዘፈን ምረጪልን» አለኝ። ጋዜጠኝነት ከዘፈን ምርጫ ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን አልገባኝም። ግን እሺ አልኩ። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ሰባት ወንድ፣ አራት ሴት። ስልኩ ላይ የዘፈን ክላሲካል ይከፈታል፤ ግጥሙን የሚያውቅ ይዘፍናል፤ የማያውቅ ከእኔ ስልክ እያየ ይከተላል። የድሃ ካራኦኬ በሉት።

መጀመሪያ «እናንተ ምን ትመርጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ወንዶቹ አላንገራገሩም፤ ቀረርቶና ፉከራ። አትፍረዱባቸው። አገሩ የዚያ አገር ነው፤ አባቶቻቸው በሠርግም በደቦም ያቅራራሉ። ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ያየውን ታውቃላችሁ። ያኔ፣ ነሐሴ ላይ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ስለቆየ ልጆቹ የሚያውቁት ዘፈን በአብዛኛው በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ነው፤ የዞረው ደግሞ ብዙው የጦር ዘፈን። አንዱ ፉከራውን ሲጀምር የሁለቱን ልጆች ፊት አየሁ። አቀረቀሩ። ምክንያቱን እዚህ አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። «ይህን ሌላ ቀን፤ ዛሬ ለጨዋታ ነው» አልኩና ወንድሜን በዓይኔ ጠቀስኩት። ገባው፤ ቀየረው። እናም የመጀመሪያው መመዘኛዬ ከዚያ መጣ፤ በክፍሉ ውስጥ ካሉት አንዱን እንኳ የሚያስቀረቅር ዘፈን፣ የፈለገውን ያህል ቢቀል ቀላል አይደለም።

ሴቶቹ የመረጡት ደግሞ የፍቅር ዘፈን ነው፤ እሱም ሌላ ችግር ይዞ መጣ። እኛ ቤት በር የለማ! ማለቴ በር አለ፤ ግን እማዬ ከበሩ ወዲህ ናት። ምድጃው ዳር ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች «ከንፈርህ እንዲህ፣ ዓይንህ እንዲያ» የሚል ዘፈን ማን ይዘፍናል? የጃፓን ልጅ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ያሻውን ይላል። የራቤል ልጅ የሚዘፍነው በእናት፣ በአክስትና «ጠላ ቅመሱ» ተብለው በገቡ ጎረቤት ፊት ነው። ስለዚህ የእኛ ቀላል ዘፈን ጉሮሮ ብቻ ሳይሆን ይሉኝታም የሚችለው መሆን አለበት። ናፍቆት ይቻላል፤ አገር ይቻላል፤ እናት ይቻላል፤ ፍቅርም ዞር ብሎ ከተነገረ ይቻላል። ደግነቱ ዞር ብሎ መናገር ለአማርኛ ዘፈን ብርቁ አይደለም።

እንግዲህ ሦስት ምሽት ከተለማመድን በኋላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሠርግም፣ ልደትም፣ የክፍል መዝጊያም ያለባችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ አዝማቹ ቶሎ ይምጣ። ልጅ የሚፈራው መጀመሪያውን ነው፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ሌሎቹ ስለሚቀበሉት ድምፁ በእነሱ ውስጥ ይሸሸጋል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ብቻውን አስኪዶ ከዚያ አዝማች የሚሰጥ ዘፈን ለጀማሪ አይሆንም። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አስቡት። እንደ ማሕሙድ መዝፈን አይቻልም፤ እሱን እርሱት። ግን ርዕሱን ያወቀ ሰው አብሮ የሚልበት ቦታ አያጣም። አሥራ አንዱም ልጆች ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ገብተውበታል።

ሁለተኛ፣ ፎቁን እዩ። ዘፈን ምድር ቤትና ፎቅ አለው። ዝቅ ከሚለው ድምፅ እስከ ከፍተኛው ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ልጁ ከታች ሲጀምር ይመቸውና ላይ ሲደርስ ይሰነጠቅበታል። በተለይ ድምፃቸው እየጎረነነ ያሉ ወንዶች! የወንድሜ ጓደኛ በአንድ ስንኝ ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ነበር፤ አባትና ልጅ። መፍትሔው ከመጀመራችሁ በፊት የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ብቻ በለሆሳስ ማንጎራጎር ነው። እዚያ ከደረሰ የቀረው አይከብደውም። የጂጂን «አባይ» የምትመርጡ ግን እናንተ ሳትሆኑ ሳንባችሁ ይወስን።

ሦስተኛ፣ ቅላፄ የበዛበትን ተዉት። ትዝታን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ትዝታ ማለት ዜማው ብቻ አይደለም፤ በዜማው መሀል ድምፅ የሚንቀጠቀጥበት፣ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። እሱን አውጥታችሁ ስትዘፍኑት ራቁቱን ይቀራል፤ ልትጨምሩት ስትሞክሩ ደግሞ ራቁታችሁን የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።

አራተኛ፣ ፍጥነቱን ቁጠሩ። ቃላት ተጨናንቀው የሚሮጡበት ዘፈን ለማዳመጥ ደስ ይላል፤ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ ይፈልጋል። በዚህ በኩል የኛን ልጆች የጠቀማቸው በ2005 ዓ.ም. በወጣትነቱ ያረፈው እዮብ መኮንን ነው። የሬጌ ምቱ አይቸኩልም፤ በስንኝና በስንኝ መሀል ልጁ ቀጣዩን መስመር ከስልክ ላይ የሚያይበት ጊዜ ይተርፋል። ድምፁም መሀል ላይ ነው፤ አይጮህም። ቴዲ አፍሮም ቃሉን አጥርቶ ስለሚናገር ግጥሙ ቶሎ ይያዛል። ከ«አቡጊዳ» እስከ 2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» አልበም ድረስ አንድም ዘፈኑን የማያውቅ ልጅ አልገጠመኝም። (የትኛው ዘፈኑ የት ቦታ እንደሚዘፈን ግን እናንተው ታውቃላችሁ። አንደኛውን መመዘኛ አትርሱ!)

አምስተኛ፣ እርዝማኔ። የእኛ ዘፈኖች መሀል ላይ ሳክስፎኑ ወይም ኪቦርዱ ለብቻው የሚሄድበት ረጅም ቦታ አላቸው። ስታዳምጡት ነፍስ ነው። ማይክ ይዛችሁ ስትጠብቁት ግን ዓመት ነው፤ እጃችሁን የት እንደምታደርጉት አታውቁም። የጃፓን ልጅ ቁልፍ ተጭኖ ያቆመዋል። እኛም ሁለተኛውን አዝማች እንደጨረስን ድምፁን ቀስ እያደረግን ማጥፋት ጀመርን። ማንም ቅር አላለውም።

ስድስተኛ፣ ተራውን ተጠንቀቁ። በጣም የሚችለው ልጅ መጀመሪያ ከዘፈነ ቀጥሎ ማይኩን የሚይዝ አይገኝም። መጀመሪያ መሀከለኛው፣ ደፋሩና ቀልደኛው ይግባ፤ የሚችለው ወደ መጨረሻ ይሁን። ለሁለት መዝፈንም አይከለከል።

አሁን ወደ አንዷ ልጅ ልምጣ። ስሟን አልጠራም፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሁለት ምሽት መጥታ ሁለቱንም ምሽት አጨበጨበች። ብትጠየቅም «እኔ አልችልም» ነው መልሷ። ወንድሜ እንደነገረኝ ክፍል ውስጥም እጇን አታወጣም፤ አንድ ጊዜ ስታነብ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሌላም የማይገባና የማይወጣ ነገር ብዙ ነው። ይህን የምለው የመንዜ አነጋገሬን ይዤ አዲስ አበባ ስገባ ዶርም ውስጥ ስንት ወር ቃል እየመረጥኩ እንዳወራሁ ስለማውቀው ነው። ስዘፍን ግን አነጋገሬን ማንም አይሰማውም ነበር። ዘፈን ቃሉን በዜማ ይሸከመዋል፤ ቃሉን እንዴት እንደምትይው አስቀድሞ ወስኖልሻል። ለዓይነ አፋር ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

በሦስተኛው ምሽት ስልኩን አስቀመጥኩና «የቡሄን እንጫወት» አልኩ። ወንዶቹ ሳቁ፤ «የሕፃን ነው» አሉ። ግን ሆያ ሆዬን አስቡት እስቲ። አውራጁ ግጥሙን ይላል፤ ተቀባዩ ከትንፋሽ የማትረዝም መልስ ይመልሳል። አውራጁ ቢሳሳት ተቀባዩ ይሸፍነዋል፤ ግጥም ቢጠፋው የቤቱን ባለቤት ማወደስ ይችላል። በየነሐሴው ጅራፋቸውን አስቀምጠው፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ ያደጉበት ነው። በካራኦኬ መመዘኛ ብትለኩት አንድም አይጎድለው፤ አዝማቹ ወዲያው ይመጣል፣ ፎቅ የለውም፣ አይቸኩልም፣ እናት ፊት ይዘፈናል። ዱላ ስለሌለ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ጀመሩት። እማዬ ሽንኩርቷን ትታ ወጣች።

ከዚያ ሴቶቹ «እኛስ?» አሉና አበባየሆሽን አነሱ፤ የመስከረም አንዱን። ያቺ ልጅ መጀመሪያ ከተቀባዮቹ ጋር ነበረች። የተቀባዩ መልስ አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ማንም ይላታል። ከበሮ ስላልነበረ ጀሪካን ገልብጠን ሰጠናት፤ እጇ ሥራ አገኘ። ሦስተኛው ዙር ላይ አውራጅ የነበረችው ጓደኛዋ ሳል ያዛትና አቋረጠች። ቦታው ባዶ ሆነ። እናላችሁ፣ ጀሪካኑን መምታቷን ሳታቆም እሷ ገባችበት። ድምፁ ያምር እንደሆነ ብትጠይቁኝ ያምራል አልላችሁም፤ ተራ የልጅ ድምፅ ነው። ግን ተሰማ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም መመለስ ነበረበታ! ተቀባይ ስትሆን ለመሳቅ ጊዜ የለህም።

የዚያን ምሽት ሌላም ነገር አገኘሁ። የጃፓኑን «ሱኪያኪ» ከስልኬ ከፈትኩላቸው፤ ቃሉን ማንም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። አክስቴ ጥጥ ከምትፈትልበት ቀና ብላ «ይኼ የማን ትዝታ ነው?» አለች። ሳቅን፤ ግን አክስቴ ልክ ናት ማለት ይቻላል። የዘፈኑ ዋና ዜማ የተቀመጠባቸው አምስት ድምፆች፣ የእኛ ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር ከሚሉት ጋር አንድ ናቸው። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» ይሉታል፤ ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው የወጡበት ማለት ነው። ኤንካ በሚባለው በአሮጌው የናፍቆት ዘፈናቸው የሚጠቀሙበት ሌላው ቅኝትም ከትዝታ ማይነር ጋር ድምፅ በድምፅ ይገጥማል። ልጆቹ ቃሉን ሳያውቁ በ«ላላላ» ዘፈኑት። ከሰማነው በሁለት ደቂቃ ውስጥ! ጆሯቸው ሳያውቁት የለመደው መንገድ ነውና። ስለዚህ ቀላል ዘፈን ማለት ጉሮሮ የሚችለው ብቻ አይደለም፤ ጆሮ አስቀድሞ የሄደበትም ነው። በራዲዮ የሰማነው የእንግሊዝኛ ዘፈን አሪፍ ሆኖ ሳለ ስንዘፍነው የሚንሸራተትብን አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ለምንድን ነው ታዲያ ልጆቻችን ማይክ ሲይዙ ከባዱን የሚመርጡት? እኔ ቴሌቪዥኑን እጠረጥራለሁ። ከኢትዮጵያ አይዶል ጀምሮ ባላገሩ አይዶል፣ ፋና ላምሮት እያልን ያደግን ትውልድ ነን። እወዳቸዋለሁ፤ ስንት የተደበቀ ድምፅ አውጥተዋል። ግን ሳናስበው አንድ ነገር አስተምረውናል፤ ማይክ ከያዝክ ዳኛ አለ፣ ነጥብ አለ፣ መውደቅ አለ። ስለዚህ ልጁ ቤት ውስጥ፣ በአክስቱ ፊት እንኳ የሚመርጠው የሚያስመሰክርበትን ዘፈን ነው። ያ ዘፈን ደግሞ አሥር ልጆችን ተመልካች አድርጎ አንዱን ያነግሣል። (ነጥብ የሚሰጥ ማሽን ጃፓንም አለ፤ እነሱ ግን ሲሰለቻቸው ያጠፉታል።)

ውድድር የራሱ ቦታ አለው። ጨዋታ ግን ሌላ ነው። የሆያ ሆዬ ቡድን ውስጥ ድምፁ የማያምረውን ልጅ ያባረረ የለም፤ ባይሆን ሙልሙሉን እንዲይዝ ይሰጡታል፤ እሱም እየተሸከመ ይቀበላል። ይህን ያወቁ እናቶቻችንና አባቶቻችን ማሽኑን አልሠሩትም እንጂ ካራኦኬን ከኢኖዌ በፊት ያውቁታል ብል የምታጋንን ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ።

ከአዲስ አበባ የምታነቡ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው የልደት ዝግጅት ላይ ስልኩ እጃችሁ ሲገባ የምትወዱትን ዘፈን ከመክፈታችሁ በፊት ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩ። ማን እስካሁን አልዘፈነም? ለእሱ የሚሆነውን ክፈቱ፤ የእናንተ ተራ ይደርሳል። ሞንታርቦ ያላችሁም ድምፁን ትንሽ ቀነስ አድርጉት፤ ሰው የራሱን ድምፅ ካልሰማ አይዘፍንም።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር። ስለ ትምህርት ጠየቅኩት፤ ደህና ነው። ስለ ስፒከሩ ጠየቅኩት፤ ባትሪው ደክሟል። «ታዲያ በምን ትዘፍናላችሁ?» ብለው «በጀሪካኑ ነዋ!» አለኝ። እናንተስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የዘፈናችሁት ምን ነበር? ጻፉልኝ፤ ለመስከረም ሌላ ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው።

ቸር እንሰንብት!